ሰርጎ ገብ አየርና አፈትላኪ ጋዝ፤ ስለ ባለካርቡራተር ሞተር የብልሽት ምርመራ ቃላት የቀረበ ማብራሪያ

1. መነሻ

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከታቸው ቃላት በአሮጌ ባለካርቡራተር የቤንዚን ሞተሮች ላይ ከሚደርሱ ሁለት ብልሽቶች ጋር የተያያዙ ናቸው። አንደኛው ብልሽት በካርቡራተሩ በኩል ያላለፈ አየር በሌላ ቀዳዳ ወደ ሞተሩ ሲገባ የሚፈጠር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኮላዶካው የሚሽከረከርበት የሞተሩ የታችኛው ክፍል እንደሚገባ ሳይናፈስ ሲቀር የሚፈጠር ነው። ስለ ሁለቱም በውጭ ቋንቋዎች በተዘጋጁ የጥገና መጻሕፍት ውስጥ በቂ ማብራሪያ ይገኛል። ወደ አማርኛ ሲመለሱ ግን ቃላቱ ብዙ ጊዜ ከነገሩ ጋር ሳይገናኙ ይቀራሉ። ለዚህም ምክንያቱ አማርኛ ቃል አጥሮት ሳይሆን፣ ተርጓሚው ነገሩን ትቶ የባዕዱን ቃል ስለሚከተል ነው።

የዚህ ስሕተት ምሳሌ ከራሳችን ሥራ የተገኘ ነው። ለሙያ ሠልጣኞች የታሰበ አንድ የጥገና መመሪያ ወደ አማርኛ ስንመልስ፣ እንግሊዝኛው «ቫኪዩም ሊክ» የሚለውን ብልሽት «የቫኪዩም መፍሰስ» ብለን ጽፈነው ነበር። ረቂቁን በሰቆጣ ከተማ ለብዙ ዘመን በመካኒክነት ለሠሩ አንድ አረጋዊ ባለሙያ ብናነብላቸው፣ የሚፈሰው ዘይቱ ነው ወይስ ቤንዚኑ ሲሉ ጠየቁን። የሚፈስ ነገር እንደሌለ፣ እንዲያውም አየር ከውጭ ወደ ውስጥ እንደሚገባ ብንነግራቸው፣ እንግዲያው ይህ አየር መሳብ እንጂ መፍሰስ አይባልም ብለው አረሙን። ጥቂት ቆይተውም በመመሪያው የሰፈረው የመለኪያ ቁጥር ለዋግ ደጋ እንደማይሠራ አመለከቱን። ሁለቱም ትችቶች ትክክል ነበሩ፤ ይህም ጽሑፍ የተነሣው ከእነዚሁ ሁለት እርማቶች ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በዚህ ዘርፍ የሚሰየም የአማርኛ ቃል ከሁሉ አስቀድሞ የአየሩን ወይም የጋዙን አቅጣጫ መናገር አለበት። አቅጣጫውን ያልተናገረ ቃል መካኒኩን ወደ ተሳሳተ ቦታ ይመራዋል፤ መፈታት የማይገባውን ሞተርም ያስፈታል፤ የመኪናውን ባለቤትም ለከንቱ ወጪ ይዳርጋል።

2. የነገሩ አሠራር

ስያሜዎቹን ከመመርመራችን በፊት ነገሩን ራሱን መግለጽ ይገባል። ሞተሩ ሲሠራ ፒስተኑ ወደ ታች በወረደ ጊዜ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ያንሳል። ስለዚህ የውጭው አየር በአየር ማጣሪያው ገብቶ፣ በካርቡራተሩ ጉሮሮ ሲያልፍ ቤንዚኑን ይዞ፣ በመግቢያ ማኒፎልዱ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይዘልቃል። ካርቡራተሩ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው በጉሮሮው በሚያልፈው አየር ነው። በክብደት ሲለካ ለአንድ እጅ ቤንዚን ወደ 15 እጅ የሚጠጋ አየር ያስፈልጋል። በካርቡራተሩ ታችኛው ክፍል ቢራቢሮ የምትመስል ክዳን ትገኛለች፤ ነጂው የነዳጅ መርገጫውን ሲለቅ ክዳኗ ትዘጋለች። በዚህን ጊዜ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ያለጭነት በዝቅተኛው ዙር ይሠራል፤ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውም ግፊት እጅግ ዝቅ ይላል።

ከዚህች ክዳን በታች የተሰነጠቀ ቱቦ፣ ያረጀ ጓርኒሲዮን ወይም የላላ ብሎን ካለ የውጭው አየር በዚያ በኩል ይገባል። ይህ አየር በካርቡራተሩ ጉሮሮ ስላላለፈ ቤንዚን ይዞ አይመጣም፤ ስለዚህ ድብልቁን ያቀጥነዋል። በሚኒሞ ጊዜ የሚገባው አየር በጠቅላላው ጥቂት በመሆኑ ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ትልቅ ለውጥ ታመጣለች። ነጂው ነዳጅ ሲረግጥ ግን ክዳኗ ስለምትከፈትና በካርቡራተሩ በኩል የሚያልፈው አየር ስለሚበዛ፣ የቀዳዳዋ ድርሻ ያንሳል፤ ብልሽቱም የዳነ ይመስላል።

ከዚህ ሌላ፣ ድብልቁ ሲቃጠል ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ የፒስተኑን ፋሻዎች አልፎ ኮላዶካው ወዳለበት ክፍል ይወርዳል። ጋዙ ያልተቃጠለ ቤንዚንና የውሃ ተን የያዘ በመሆኑ እዚያው ከቆየ ዘይቱን ያበላሻል፤ ከተጠራቀመም ግፊት ይፈጥራል። በቀድሞ ሞተሮች ይህ ጋዝ በአንድ ቱቦ ወደ ውጭ ይለቀቅ ነበር። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ ግን፣ በመጀመሪያ በአሜሪካ የአየርን ብክለት ለመቀነስ ሲባል፣ ጋዙ በቱቦና በአንዲት አነስተኛ ቫልቭ በኩል ወደ መግቢያ ማኒፎልዱ ተመልሶ እንዲቃጠል ተደረገ። እንደ ፎልክስዋገን ቢትል ባሉት መኪኖች ደግሞ ቱቦው ወደ አየር ማጣሪያው ያመራል።

እንግዲህ ሁለቱን ብልሽቶች የምታገናኘው ይህችው ቫልቭ ናት። በደኅንነቷ ጊዜ የተለካ ጋዝና አየር ወደ ማኒፎልዱ እንዲገባ ትፈቅዳለች፤ ካርቡራተሩም ይህን ታሳቢ አድርጎ የተስተካከለ ነው። ተከፍታ ከቀረች ከመጠን ያለፈ አየር ታስገባለች፤ ታፍና ከቀረች ደግሞ ጋዙ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በማኅተሞቹ በኩል ወደ ውጭ ይገፋዋል። በአንዲት ቫልቭ ምክንያት አንድ ጊዜ አየር ይገባል፤ አንድ ጊዜ ዘይት ይወጣል ማለት ነው። ሁለቱንም በአንድ ቃል የሚጠራ መመሪያ አንባቢውን ግራ ማጋባቱ የማይቀር ነው።

3. ባዶ፣ ኦና ወይስ ምገት?

«ቫኪዩም» ለሚለው ቃል በመጀመሪያ ወደ ተርጓሚው አእምሮ የሚመጡት «ባዶ» እና «ኦና» ናቸው። «ባዶ» የነገርን አለመኖር ያመለክታል። «ኦና» ሰው የለቀቀው ቤት ነው፤ ከዚህም ተነሥቶ ምንም ነገር የሌለበትን ስፍራ ለመግለጽ ይውላል። ለፊዚክስ ትምህርት ይህ ስያሜ ሊስማማ ይችላል። ለሞተር ሙያ ግን ሁለት እንከን አለበት።

አንደኛው እንከን ማኒፎልዱ ኦና አለመሆኑ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ እንኳ በማኒፎልዱ ውስጥ በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ሲሦ ገደማ ይገኛል፤ አየሩና ቤንዚኑም ዘወትር በዚያ ያልፋሉ። ሁለተኛው እንከን ኦናነት ደረጃ የሌለው መሆኑ ነው። ቤት ኦና ነው ወይም አይደለም፤ «ከፍተኛ ኦና»ና «ዝቅተኛ ኦና» ቢባል ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ ነው። የጥገና መጽሐፍ ግን በየገጹ ስለ ከፍተኛና ዝቅተኛ ንባብ የሚናገር ነው።

ስለዚህ የምንፈልገው የነገርን አለመኖር የሚገልጽ ቃል ሳይሆን፣ ወደ ውስጥ የመጎተትን ኃይል የሚገልጽ ቃል ነው። መካኒኮች «ይስባል» ማለታቸው ከዚህ አንጻር ትክክል ነው። ነገር ግን ከ«ሳበ» የሚወጣው «ስበት» በሳይንስ ትምህርት ለመሬት ስበት ስለተያዘ ለሌላ ነገር ብንሰጠው መደናገርን ያመጣል። «መጠጠ»ም የቀረበ ቃል ነው፤ ሆኖም ይበልጥ የሚነገረው ጨርቅ ወይም አፈር ፈሳሽን ወደ ራሱ ሲወስድ ነው።

ከእነዚህ ይልቅ የሚስማማው «ማገ» የሚለው ግስ ነው። ሰው ጢስ ይምጋል፤ አየር ይምጋል፤ በሸምበቆ መጠጥ ይምጋል። በሦስቱም አነጋገር ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ፤ በውስጥ በኩል ግፊቱ ስላነሰ የውጭው ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ደግሞ የሞተሩ ሥራ ራሱ ነው። የስሙም አወጣጥ የቋንቋውን ሥርዓት የተከተለ ነው፤ «ሳበ» «ስበት»ን፣ «ናቀ» «ንቀት»ን፣ «ናረ» «ንረት»ን፣ «ላቀ» «ልቀት»ን እንደሚሰጥ ሁሉ «ማገ» «ምገት»ን ይሰጣል። «ከፍተኛ ምገት»፣ «የምገት መለኪያ»፣ «ምገቱ ወረደ» ቢባል የሚጎረብጥ ነገር የለውም።

4. የሚፈስ፣ የሚያፈተልክ፣ የሚሰርግ

እንግሊዝኛው «ሊክ» የሚለው ቃል አቅጣጫ የለውም። ከበርሜል የሚንጠባጠበውም፣ ከጎማ የሚወጣውም፣ ወደ መርከብ የሚገባውም በዚሁ ቃል ይጠራል። አማርኛ ግን በዚህ ረገድ የተለያዩ ግሦች ስላሉት ተርጓሚው መምረጥ ይጠበቅበታል።

«ፈሰሰ» ለፈሳሽ የሚነገርና ወደ ታች መውረድን የሚያመለክት ነው። «ጣራው ያፈሳል» ሲባል ውሃው ወደ ቤት የሚገባ ስለሆነ፣ ቃሉ ለመግባትም ያገለግላል ብሎ የሚከራከር ሊኖር ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ ቢሆንም በዚያም ላይ የሚፈሰው ውሃ ነው፤ የሚሄደውም ከላይ ወደ ታች ነው። አየር በስንጥቅ ቱቦ በኩል ሲገባ «ፈሰሰ» ማለት ግን በአማርኛ አይለመድም። ስለሆነም «መፍሰስ» ለዘይት፣ ለቤንዚንና ለውሃ ብቻ ተለይቶ ቢቀመጥ ይሻላል።

«ሾለከ» በጠባብ ስፍራ ማለፍን ይገልጻል፤ «ሾልኮ ወጣ»ም «ሾልኮ ገባ»ም ስለሚባል ግን አቅጣጫውን ረዳት ቃል ካልነገረን አናውቀውም። «አፈተለከ» ከተያዘበት ማምለጥ ስለሆነ አቅጣጫው ወደ ውጭ ነው። በፋሻዎቹ በኩል ከሲሊንደሩ አምልጦ ወደ ኮላዶካው ክፍል ለሚወርደው ጋዝ «አፈትላኪ ጋዝ» የሚለው ስም የተገባ ነው፤ ጋዙ ሊሠራ ከታሰበበት ስፍራ ማምለጡን ይናገራልና።

«ሰረገ» ደግሞ ቀስ በቀስ፣ ሳይታይ ወደ ውስጥ መግባትን ያመለክታል። ውሃ ወደ መሬት ይሰርጋል። «ሰርጎ ገብ» የሚለው ጥምር ቃልም በፖለቲካና በጦርነት ቋንቋ ለማንም የታወቀ ነው፤ በበሩ ሳይሆን በሌላ መንገድ የገባ፣ በመዝገብ ያልሰፈረ ማለት ነው። በካርቡራተሩ ሳያልፍና ሳይለካ ወደ ማኒፎልዱ የሚገባው አየር በትክክል ይኸው ነው። ስለዚህ አየሩን «ሰርጎ ገብ አየር»፣ ብልሽቱን ደግሞ «የአየር ስርገት» እንድንለው ሐሳብ እናቀርባለን። «ሰረጸ» «ስርጸት»ን፣ «ሰበከ» «ስብከት»ን እንደሰጠ «ሰረገ»ም «ስርገት»ን ይሰጣል።

5. ከነፋስ ቤተሰብ ውስጥ መምረጥ

የኮላዶካውን ክፍል የሚመለከቱት ቃላት ሌላ ችግር አላቸው፤ ሁሉም ከአንድ ሥር ይወጣሉ። ነፋስ፣ ነፍስ፣ ትንፋሽ፣ እስትንፋስ፣ ተነፈሰ፣ አስተነፈሰ፣ አናፈሰ፣ ማናፈሻና መናፈሻ አንድ ቤተሰብ ናቸው። በሞተር ምርመራ ውስጥ ሦስቱ በተለይ ይጋጫሉ።

«ተነፈሰ» በዕለት ንግግር ሁለት ተቃራኒ ፍች አለው። ሰው ሲተነፍስ ሕያው ነው፤ ጎማ ሲተነፍስ ግን ከሥራ ውጭ ሆኗል። ወደ ሞተር ስንመጣ መደናገሩ ይብሳል። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት የጋዝ መውጫዋ ቱቦ በመተንፈስ ስም ስለምትጠራ ተርጓሚው «መተንፈሻ» ይላታል። በጋራዥ ቋንቋ ደግሞ «ሞተሩ ይተነፍሳል» ሲባል ፋሻዎቹ ማለቃቸውንና በዘይት መሙያው በኩል ጢስ እፍ እያለ መውጣቱን መናገር ነው። እንዲህ ከሆነ ደኅናዋ የአካል ክፍልና በሽታው አንድ ስም ተጋርተዋል ማለት ነው። «ሞተሩ በመተንፈሻው በኩል መተንፈስ አለበት» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሠልጣኝ፣ ያለቀውን ሞተር ጤነኛ ነው ብሎ ሊተወው ይችላል።

በመሆኑም የአካሉን ስም ከበሽታው ስም መለየት አስፈላጊ ነው። ለአካሉ «አናፈሰ» ከሚለው ግስ የወጣውን «ማናፈሻ»ን እንመርጣለን። እህል ወይም መኝታ ሲናፈስ የታመቀው ይወጣል፤ ንጹሑ ይገባል። የኮላዶካው ክፍልም አሠራር ይኸው ነው፤ በአንድ በኩል ከአየር ማጣሪያው ንጹሕ አየር ይገባል፤ በሌላው በኩል አፈትላኪው ጋዝ ይወጣል። «ይተነፍሳል» የሚለው የመካኒኮች አነጋገርም በመዝገበ ቃላት ውስጥ ሊቀር አይገባውም፤ የጋራዥ አነጋገር መሆኑ ተጠቅሶ ከነፍቹ ቢመዘገብ መልካም ነው። አራሚዎችም «ማናፈሻ»ን ከ«መናፈሻ» እንዲለዩ እናሳስባለን፤ በአንዲት ፊደል ስሕተት የሞተሩ ቱቦ የአበባና የሣር ስፍራ ይሆናልና።

ስለ ድብልቁም አንድ ቃል እንጨምር። እንግሊዝኛው ቤንዚን የበዛበትን ድብልቅ በሀብታምነት፣ ያነሰበትን በክሳት ይገልጸዋል። «ሀብታም ድብልቅ» የሚል ትርጉም ማንንም አይረዳም። የማድ ቤቱ አማርኛ ግን ቃሉን አዘጋጅቶ አስቀምጦታል፤ ወጥ ይቀጥናል፣ ወጥ ይወፍራል። «የቀጠነ ድብልቅ»፣ «የወፈረ ድብልቅ» ቢባል ማንም ሰው ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

6. ምርመራው በእነዚህ ቃላት ሲገለጽ

የተመረጡት ቃላት ሥራ ላይ መዋል መቻላቸው የሚፈተነው በእነርሱ መመሪያ ሲጻፍ ነው። ስለዚህ ምርመራውን በአጭሩ እንጽፋለን።

የአየር ስርገት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው። ሞተሩ በሚኒሞ ዙሩ አይረጋም፤ አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ወይም ይጠፋል። ነዳጅ ሲረገጥ ለአፍታ ያመነታል። ድብልቁ ስለቀጠነ ካርቡራተሩ ያስነጥሳል። የካንዴላዎቹ ጫፍ ነጣ ይላል። ከማኒፎልዱ አካባቢ የፉጨት ድምፅ ይሰማል።

መርማሪው በመጀመሪያ ቾኩን ጥቂት ይዘጋል። ሞተሩ በዚህ ጊዜ ከተሻለው ድብልቁ ቀጥኖ ነበር ማለት ነው፤ ስርገት መኖሩም ይጠረጠራል። ከዚያም ወደ ማኒፎልዱ የሚገቡትን ቱቦዎች፣ ማለትም የፍሬን አጋዡን፣ የዲስትሪቢውተሩንና የማናፈሻውን ቱቦ፣ ተራ በተራ በፒንሳ ቆንጠጥ ያደርጋል። አንዱ ሲቆነጠጥ ዙሩ በግልጽ ከተለወጠ ጥርጣሬው በዚያ መስመር ላይ ያርፋል። ቀጥሎ በካርቡራተሩ ሥርና በማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ዙሪያ ጥቂት ውሃ በብሩሽ ይቀባል። ቀዳዳው ባለበት ስፍራ ውሃው ይማጋል፤ የሞተሩም ድምፅ ይለወጣል። አንዳንዶች በውሃው ፈንታ ቤንዚን ይረጫሉ፤ ሞተሩ የጋለ በመሆኑ ይህ እሳት የሚያስነሣ አደገኛ ልማድ ስለሆነ በመመሪያ ውስጥ መከልከል አለበት።

ማናፈሻውን ለመመርመር ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ቫልቯ ከሞተሩ ክዳን ላይ ትነቀላለች። ጣት በአፏ ላይ ሲደረግ ምገት ከተሰማ መስመሩ ክፍት ነው። ምገት ከሌለ ቱቦው ወይም ቫልቯ በጥላሸትና በዘይት አተላ ታፍኗል። ከዚህ በኋላ ቫልቯ ወደ ቦታዋ ትመለስና፣ የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቶ ስስ ወረቀት በአፉ ላይ ይደረጋል። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ማናፈሻው አፈትላኪውን ጋዝ ችሎ ያወጣዋል። ወረቀቱ ወደ ላይ ከተገፋና ማናፈሻውም ያልታፈነ ከሆነ፣ አፈትላኪው ጋዝ ከማናፈሻው አቅም በላይ ሆኗል፤ ይህም የፋሻዎቹን ወይም የሲሊንደሩን ማለቅ ያመለክታል።

አንባቢው እንደሚያስተውለው በዚህ ሁሉ ውስጥ «ሊክ» የሚለውን ቃል መጠቀም አላስፈለገንም። የሚገባው ሰርጓል፤ የሚወጣው አፈትልኳል፤ የሚንጠባጠበው ፈስሷል።

7. የሰቆጣ ከፍታና የመጽሐፉ ቁጥር

አሁን ወደ አረጋዊው መካኒክ ሁለተኛ እርማት እንመለስ። የጥገና መጻሕፍት የደኅና ሞተር ምገት በሚኒሞ ከ430 እስከ 530 ሚሊሜትር ባዜቃ፣ ማለትም ከ17 እስከ 21 ኢንች ይሆናል ይላሉ። ከዚህ በታች የሆነና የማይንቀጠቀጥ ንባብ ከታየ የአየር ስርገት ወይም የዘገየ እሳት መኖሩ ይጠረጠራል ብለው ያስተምራሉ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ትክክል የሚሆነው ግን በባሕር ወለል ለሚሠራ ሞተር ነው።

በባሕር ወለል የአየር ግፊት 760 ሚሊሜትር ባዜቃ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በዚያ ያለው ግፊት ወደ 580 ሚሊሜትር ይወርዳል። ምገት ማለት በውጭውና በውስጡ ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ነውና፣ የውጭው ሲቀንስ ንባቡም አብሮ ይቀንሳል፤ ሲገመት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 25 ሚሊሜትር ወይም 1 ኢንች ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ በሰቆጣ የደኅና ሞተር ንባብ ከ250 እስከ 350 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በመጽሐፉ ቁጥር የሚመራ ሠልጣኝ በሰቆጣ የሚያገኘው ደኅና ሞተር ሁሉ ሰርጎ ገብ አየር ያለበት ይመስለዋል። የአዲስ አበባም ከፍታ ከዚህ ብዙ ስለማይለይ፣ ነገሩ የደጋው አገር ሁሉ እንጂ የዋግ ብቻ አይደለም።

ከፍታው የሚያመጣው ሌላም ነገር አለ። በሰቆጣ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ደጋ ሲወጣ ድብልቁ ይወፍራል፤ ጭማሪውም ወደ አንድ አሥረኛ ይጠጋል። ጥቂት ሰርጎ ገብ አየር ያለበት ሞተር በደጋ ይህን ውፍረት ስለሚያቀጥነው ብልሽቱ ሊሸሸግ ይችላል። ያው መኪና ከሰቆጣ ተነሥቶ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የተከዜ ሸለቆ ሲወርድ ግን አየሩ ይታፈጋል፤ ድብልቁ ይቀጥናል፤ ካርቡራተሩም ማስነጠስ ይጀምራል። ነጂው ብልሽቱ በመንገድ ላይ የተፈጠረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከደጋው አብሮት የወረደ ነው።

ለተርጓሚዎች ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቁጥርም እንደ ቃል ትርጉም ያስፈልገዋል። ተርጓሚው የመጽሐፉን ቁጥር በራሱ ሥልጣን መለወጥ አይገባውም፤ ነገር ግን «በባሕር ወለል ሲለካ» የሚለውን ሐረግ ከጎኑ ሊጨምርና በአገሩ ከፍታ የሚሆነውን ቁጥር ለይቶ ሊያመለክት ይገባዋል። ይህ ሐረግ በዋናው መጽሐፍ ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ደራሲው በባሕር ጠረፍ ለሚኖር አንባቢ ሲጽፍ ሁኔታውን መጥቀስ አላስፈለገውምና።

8. ሊለወጡ የማይገባቸው ቃላት

አዲስ ስም ስንሰጥ በሥራ ላይ ያለውን ቃል ማፈናቀል ዓላማችን አይደለም። የአገራችን መካኒኮች ብዙ ቃላት ከጣሊያንኛ ወስደው የራሳቸው አድርገዋል፤ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ፖምፓና ሚኒሞ ለዚህ ምስክሮች ናቸው። «ኮላዶካ» በመነሻው የዝይ አንገት ማለት ሲሆን፣ ዘንጉ እንደ ወፊቱ አንገት የተጠማዘዘ በመሆኑ የተሰጠ ስም ነው። ይህን የመሰለ ሕያው ቃል እያለ ከግዕዝ አዲስ ስም ማውጣት ሙያተኛውን ከመዝገበ ቃላቱ ማራቅ ይሆናል። ስለዚህ የሞተሩን የታችኛ ክፍል «የኮላዶካ ቤት» ብንለው እንመርጣለን፤ ግማሹ የጋራዥ፣ ግማሹ የሁሉም ሰው ቃል ነውና። «ፋሻ» በሕክምና የቁስል መጠቅለያ ስለሆነ ግን ለጠቅላላ አንባቢ በሚጻፍበት ጊዜ «የፒስተን ፋሻ» ተብሎ ቢሟላ ይሻላል።

ቅደም ተከተላችንም ይህ ነው። ሙያተኛው ቃል ካለውና ቃሉ የማያሳስት ከሆነ የሙያተኛውን ቃል እንወስዳለን። ቃሉ የሚያሳስት ወይም የሌለ ከሆነ ከዕለት አማርኛ ግሥ እናወጣለን። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ግዕዝና ወደ ባዕድ ቋንቋ እንሄዳለን።

9. ለአስተያየት የቀረቡ ቃላት

ምገት (ስም)፤ ከውጭው አየር ግፊት በታች የሆነ፣ አየርን ወይም ጋዝን ወደ ውስጥ የሚጎትት የግፊት ልዩነት። «በሚኒሞ ምገቱ ከፍተኛ ነው።»

የአየር ስርገት (ስም)፤ በካርቡራተሩ ያላለፈ አየር ወደ መግቢያ ማኒፎልዱ የሚገባበት ብልሽት።

ሰርጎ ገብ አየር (ስም)፤ በስርገት የገባው፣ ያልተለካው አየር።

አፈትላኪ ጋዝ (ስም)፤ የፒስተን ፋሻዎችን አልፎ ወደ ኮላዶካ ቤት የሚወርድ የቃጠሎ ጋዝ።

የኮላዶካ ቤት (ስም)፤ ኮላዶካው የሚሽከረከርበት የሞተር ክፍል።

ማናፈሻ (ስም)፤ አፈትላኪ ጋዝን ከኮላዶካ ቤት የሚያስወጣና በምትኩ ንጹሕ አየር የሚያስገባ መሣሪያ። «የማናፈሻ ቫልቭ»፣ «የማናፈሻ ቱቦ»።

የቀጠነ ድብልቅ፣ የወፈረ ድብልቅ (ስም)፤ ቤንዚን ያነሰበት፣ ቤንዚን የበዛበት የአየርና የቤንዚን ድብልቅ።

በመጨረሻም ስለ ስፍራው አንድ ነገር እናስታውሳለን። በሰቆጣና በአካባቢዋ አማርኛ ብቻ ሳይሆን ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ኽምጣኛ ይነገራል። በአማርኛ የተሰየመ የሙያ ቃል ነገ ወደ ኽምጣኛ መሻገሩ አይቀርም። የተሻገረው ቃል «መፍሰስ» ከሆነ ስሕተቱ በሁለት ቋንቋ ይጸናል። ነገሩን አይቶ አቅጣጫውን የሚናገር ፍች ከተሻገረ ግን፣ የኽምጣኛ ተናጋሪው ከራሱ ግሦች መካከል የሚስማማውን ራሱ መምረጥ ይችላል። ስለዚህ ከቃላቱ ይልቅ ፍቾቹ እንዲመረመሩልን፣ ከሙያተኞችና ከተርጓሚዎች የተሻለ ቃል ያለውም እንዲያቀርብ በትሕትና እንጠይቃለን።